የጥሩምባ ነፊው እንቅልፍ

ያን ዕለት የጋሼ ደምሴ ሱሪ በለቅሶ ቤት ወለቀ።

ስለ ወንድሙ የሚጽፍ ሰው ከሱሪ አይጀምርም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔም ከሌላ ቦታ ልነሳ ብዙ ሞክሬ ነበር። ግን ያ ዕለት የመጨረሻው ተራ ቀናችን ነበርና፣ ከየትም ብነሳ ዞሬ ዞሬ እዚያው ሱሪ ላይ እወድቃለሁ። ስለዚህ ታገሡኝ።

ጋሼ ደምሴ ታላቅ ወንድሜ ነው። በሥራ ቀን ጎባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አመላላሽ ነበር። ሰው ሲሞት ደግሞ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ከተራራው የሚወርደው ጉም አጥሩን ሁሉ ሲውጠው፣ በየማዕዘኑ ቆሞ ይነፋና፣ "እድርተኛ! የእገሌ እናት አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት!" ይላል። ድምፁ ሮቤ ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። እኔ ሮቤ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም። ግን ጎባ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር የሮቤ ዘመድ ከጎረቤት ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ነገሩን ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም።

ያን ዕለትም ጎህ ሲቀድ ለአንዲት አሮጊት ነፍቶ፣ ረፋዱ ላይ ድንኳን ሊተክል ሄደ። እኔም ካስማ አቀባይ ሆኜ ተከተልኩት። መሐለኛውን ምሰሶ ጋሼ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ወርቅነህ ከዳር ሆነው ያዛሉ።

"ያዝ ደምሴ! ጠበቅ አድርገህ ያዝ!"

"ይዣለሁ ጌታዬ። ግን ሌላ ነገር እየለቀቀኝ ነው።"

"ምንድን ነው የሚለቅህ?"

መልሱን ሁሉም አየ። ሱሪው ቀስ እያለ ከወገቡ ወደ ጉልበቱ ወረደ። ምሰሶውን ቢለቅ ድንኳኑ በሽማግሌዎቹ ላይ ይወድቃል። ባይለቅ... ባይለቅ ያው እንደምታዩት ነው።

"አቶ ወርቅነህ፣ ከድንኳኑና ከሱሪዬ የቱ ይቅደም?"

"ድንኳኑ! ሱሪህን ወንድምህ ያንሳልህ!"

አነሳሁለት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ ላያቸው በኀዘን የተጎዱ ይመስላሉ። የሟቿ ልጅ ግን መሸፈኛም አልፈለገች። ከልቧ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረባትና፣ "እማዬ ብታይ እንዴት ትስቅ ነበር" አለች። ጋሼም ምሰሶውን እንደያዘ፣ "እንኳን እርሳቸው ሱሪውም መሳቁ አይቀርም" አላት።

የሱሪው መውለቅ ግን ለእኔና ለእርሱ የምሥራች ነበር። ለምን እንደሆነ እንድታውቁ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። መቼም ወሬ ስጽፍ ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንልኝም፤ ስናገርም እንደዚያው ነኝ።

እኔ ንግግር ላይ እሰናከላለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ስንቱን ደብተር ጽፌ፣ "ደህና አደራችሁ" ለማለት ግን ዛሬም ሰውየው ደህና ውሎ እስኪመሽበት እቆማለሁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይንጠለጠላል። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ ያሳደገኝ ጋሼ ነው። ልጆች ሲስቁብኝ አይቆጣቸውም፤ እኔንም አያስቸኩለኝም። "መጀመሪያ ተንፍስ" ይለኛል። "ቃሉ የትም አይሄድ፤ አንተ ተንፍስ፣ እርሱ ይደርስብሃል።"

እንዲህ ያለው መካሪ ራሱ ትንፋሽ የሚቸግረው መሆኑን ያን ጊዜ ማን ያውቃል? እኛ የምናውቀው እንቅልፋም መሆኑን ነው። ቆሞ የሚተኛ ፈረስና ጋሼ ደምሴ ብቻ ነው ይባል ነበር። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ደብዳቤ በእጁ እንደያዘ ይተኛል። ቤተ ክርስቲያን መቋሚያው ላይ አገጩን አስደግፎ ይተኛል፤ የማያውቁት ምእመናን "ምን ያለ የተመስጦ ሰው ነው" ይላሉ። የተመስጦው ሰው ማንኮራፋት ሲጀምር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ በቅሎ ለሮቤ ደብዳቤ እንዲያደርስ ተላከ። ጎባን ሳይለቅ እንቅልፍ ወሰደው። በቅሎዋም ደብዳቤ ማንበብ ስለማትችል ሮቤን አልፋ፣ ወደ ገሰራ የሚሄዱ ገበያተኞች ስታይ ተከተለቻቸው። የገብስ ጭነት ከጫኑ አህዮች መካከል ሰልፍ ይዞ ሲያንኮራፋ ብዙ መንገድ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጉልበቱን ነካ አድርገው፣ "ኦቦ፣ ነጋ? ይህ ሂሪባ የት ነው የሚያወርድህ?" አሉት። ሂሪባ በኦሮምኛ እንቅልፍ ነው። ጋሼም ዓይኑን ገልጦ፣ "ሮቤ ነኝ?" አላቸው። ሽማግሌውም፣ "ሮቤን ጠዋት ሰላም ብለን አለፍናት" አሉት።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የዘነበች ነገር ግን እርሱን አላሳቀውም። ዘነበችን ሊያገባ ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። እርሱ እንደ ወጉ ውጭ፣ በቅሎዎቹን ይዞ አጥር ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ከውስጥ "ልጅዎን ለልጃችን" እያሉ ጉልበት ሲስሙ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ያጓራል፣ ይቆማል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ነገር ፈንድቶ ይወጣል። የልጅቱ አባት "በጠራራ ፀሐይ ጅብ!" ብለው ጠመንጃቸውን ከግድግዳ አውርደው ሮጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከኋላ እየተከተሉ፣ "ጌታዬ እንዳይተኩሱ! ሙሽራው ነው!" አሉ። ጋብቻው እዚያው አጥር ሥር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ስለ እንቅልፉ ሲቀለድ አብሮ መሳቅ ጀመረ። አብሮ የሚስቅ ሰው ደግሞ ተጎድቷል ብሎ የሚያስብ የለም። ጠዋት ጠዋት ራሱን በመሐረብ አስሮ "ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው" ሲልም፣ አቶ ወርቅነህ "ስንፍና ራስ ላይ ይወጣል" ይሉት ነበር።

ነገሩን መጀመሪያ ከቁም ነገር የቆጠሩት ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእኛ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ የሚጋሩ ትልቅ ሴት ነበሩ። ጋሼን "አባ ጥሩምባ" ይሉታል። በየሳምንቱ ጩኮ ይሠሩለታል፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ፣ ታሽቶ፣ ቅቤው ገብሱን እስኪያስረሳ። አንድ ቀን ሳህኑን ልመልስ ስሄድ፣ ማንኮራፋቱ ስለሚያስቸግራቸው ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ይቅርታዬ ገና ግማሽ ሳይደርስ አቋረጡኝ።

"ተው ልጄ። ሲያንኮራፋ እኮ እተኛለሁ፤ ቤት ውስጥ ወንድ አለ እላለሁ። እኔን የሚቀሰቅሰኝ ዝም ሲል ነው።"

"ዝ... ዝም ሲል?"

"ያ ረቢ! አትሰማም እንዴ? ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጭጭ። እኔ እዚህ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ከቶጎና ወንዝ እንደወጣ ሰው ሲተነፍስ እኔም አብሬው እተነፍሳለሁ።"

ለካ እኔ የሰነፍ ተማሪ እንቅልፍ እየተኛሁ አልሰማሁም ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ነቅቼ አዳመጥኩ። ሴትየዋ እንዳሉት ነው። ደረቱ ይነሳል፣ ሆዱ ይጎተታል፣ አየር ግን አይገባም። ከንፈሩ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ከአልጋዬ ሳልነሳ በመቋሚያው ጎኑን ወጋ አደርገውና፣ "ጋሼ፣ ተንፍስ!" እለዋለሁ። የሚገርመው፣ ይህን ስል አልሰናከልም። እንቅልፍ ከወሰደኝ ደግሞ አዴ ፋጡማ ከማዶ በዘነዘና ግድግዳውን ሁለቴ ይመቱልኛል። እንዲህ አድርገን የአንድ ሰው ትንፋሽ ለሁለት፣ ኧረ ለሦስት፣ ስንተነፍስ ከረምን።

ወሬው እድር ደረሰ። እድር የደረሰ በሽታ መድኃኒት አያጣም። ጠበል ተጠመቀ፤ ውኃው ብርድ ስለነበረ ያን ዕለት ብቻ ነቅቶ ዋለ። በርበሬ አፍንጫው ሥር ታጠነ፤ እርሱ አልነቃም፣ ሰፈሩ ሁሉ አስነጠሰ። በመጨረሻ አቶ ወርቅነህ ትልቁን ሐሳብ አመጡ። "ይህ ሰው ቀን የሚያንቀላፋው ሌሊት ጠልቆ ስለማይተኛ ነው። ጥሩ አረቄ ጠጥቶ ይተኛ።" ግማሹ ልክ ነበር። ችግሩ ሌላው ግማሽ ሰው የሚገድል መሆኑ ነው። በአረቄው ማግሥት የአዴ ፋጡማ ዘነዘና ግድግዳችንን በስቶት አገኘነው። ዝምታው ረዝሞ፣ ረዝሞ፣ ሴትየዋ በቀዳዳው በኩል "አባ ጥሩምባ! አባ ጥሩምባ!" እያሉ ሲጮሁ ነው ሁለታችንም የነቃነው።

እዚያ ላይ ፈራሁ። ጋሼን ይዤው ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሐኪሙ ትምህርቱን በቅርብ የጨረሰ ወጣት ነው። ጋሼን "እርስዎ" አለው። ጋሼ ደንግጦ ከኋላው ማን እንዳለ ዞሮ አየ። ሐኪሙ ጠየቀው፤ አንገቱን በክር ለካ፣ አፉን አስከፍቶ በመብራት አየ፣ ልቡን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ልቡ ላይ ሲደርስ ፊቱ ከበድ አለ። ከዚያ "ሲተኙ ማየት አለብኝ" ብሎ አስተኛው።

እንግዲህ እንደምታውቁት ጋሼ በበቅሎ ላይ የሚተኛ፣ ሽማግሌ በላከበት ደጃፍ የሚተኛ ሰው ነው። አንሶላ ተነጥፎለት፣ ትራስ ተሰጥቶት፣ ሐኪም "ተኛ" ብሎ ሲያዝዘው ግን ዓይኑ እንደ ድመት ፈጠጠ። ሐኪሙ ወጣ፣ ተመለሰ። ጋሼ ጣሪያውን ያያል። መጋረጃ ተዘጋ። ጋሼ መጋረጃውን ያያል።

"እንቅልፍ የለብኝም እኮ" አለ አፍሮ። "ይቅርታ ዶክተር፣ ቤቴ ስሄድ ይመጣል።"

"ይህ ሰው ነው እንቅልፋም ያልከኝ?" አለኝ ሐኪሙ።

ያዳነን አቶ ወርቅነህ ናቸው። የእድር ዳኛ ስለሆኑ ታማሚ ሊጠይቁ መጡ። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና፣ ወግ ሲጠፋባቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ በቃላቸው ማውረድ ጀመሩ። "አንቀጽ አንድ። ማንኛውም እድርተኛ በለቅሶ ቀን ያለ በቂ ምክንያት ቢቀር..." አንቀጽ ሁለት ላይ የጋሼ አገጭ ወረደ። አንቀጽ ሦስት ላይ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አቶ ወርቅነህ ተቀይመው ዝም ሊሉ ሲሉ፣ ሐኪሙ ከአልጋው ግርጌ በእጁ "ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ" አላቸው። ሽማግሌው በሕይወታቸው ቀጥሉ ተብለው ስለማያውቁ፣ ደስ ብሏቸው እስከ ቅጣቱ ክፍል ድረስ ወረዱት።

ሐኪሙ በጋሼ ደረት ላይ ዓይኑን ተክሎ አየ። ማንኮራፋቱ ሲቆም ጣቱን አፍንጫው ሥር አደረገ። ጠበቀ። አቶ ወርቅነህም አዩ። ደንባቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ጋሼ ያን የወንዝ ትንፋሹን ተንፍሶ ሲመለስ፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸው ከጭናቸው ወድቆ አላነሱትም።

ጋሼ ሲነቃ ሐኪሙ አስረዳን። ሲተኛ የምላሱ ሥርና የጉሮሮው ሥጋ ይላላል። አንገቱ ወፍራም ስለሆነ የትንፋሹን መንገድ ይዘጋዋል። ሲታፈን አንጎሉ ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፤ ይተነፍሳል፤ ይተኛል፤ እንደገና ይዘጋል። እንዲህ ሲወድቅና ሲነሳ ያነጋል፤ እርሱ ግን አያስታውሰውም። ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ አፉ የሚደርቀው፣ የላኩትን የሚረሳው በዚህ ነው።

"ስሙ ምን ይባላል?" አሉ አቶ ወርቅነህ።

"በሕክምናም ገና አዲስ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ በሉት።"

"እኛ እንኳ ስንፍና ነበር የምንለው።"

ሐኪሙ ወደ ጋሼ ዞረ። "እርስዎ እንቅልፋም አይደሉም። እርስዎ ለብዙ ዓመታት ያልተኙ ሰው ነዎት።"

ጋሼ ይህን ቃል ሲሰማ የነበረውን ፊቱን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ አልችልበትም። ስሙ ከብዙ ዘመን በኋላ የተመለሰለት ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "አቶ ወርቅነህ፣ ሰምተዋል?" አለ። ሽማግሌውም፣ "ሰምቻለሁ ልጄ። ሰምቻለሁ" አሉ፣ ባርኔጣቸውን ከወለል እየፈለጉ።

ሐኪሙ አልደበቀንም። ልቡ ያን ሁሉ ዓመት ያለ አየር ሲጎትት ደክሟል፤ ዘግይተናል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ እንጀምር አለ። በውጭ አገር አንዳንድ ሐኪሞች ጉሮሮን ከታች በስተው በቀዳዳው ያስተነፍሳሉ፣ አዲስ አበባ ልጽፍልዎ እችላለሁ አለው።

"በቀዳዳው ከተነፈስኩ ጥሩምባውን በምን እነፋዋለሁ?"

"ቀን ቀን ይደፈናል። ግን እንደ ድሮው ይነፋሉ ብዬ ቃል አልገባም።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ሌላ ሌላውን እንሞክር" አለ ጋሼ። "የእኛ ሰው ጥሩምባ ካልሰማ የሞተ አይመስለውም።"

ሌላ ሌላው ይህ ነው፤ መክሳት፤ ከመኝታ በፊት አረቄም ጠጅም አለመቅመስ፤ ራስጌን ከፍ ማድረግ፤ በጀርባ አለመተኛት። ማለት ይቀላል። ጥሩምባ ነፊ ማለት እኮ በየለቅሶው፣ በየተዝካሩ፣ "ደክሞሃል፣ ብላ፣ ጠጣ" የሚባል ሰው ነው። ጋሼ ግን ሁዳዴ ሳይገባ ጾም ያዘ። ቄሱ "ምን በድለህ ነው?" እስኪሉት ድረስ። አዴ ፋጡማም ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። "በገዛ እጄ? በገዛ ጩኮዬ?" አሉ። ከዚያ ወዲያ በዚያው ሳህን ጎመን ያመጡለት ጀመር፤ ጋሼ ጎመኑን በላ፤ ሳህኑን ግን አሽትቶ ነው የሚመልሰው።

የከበደን የጀርባው ነገር ነው። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ወዴት እንደሚገለበጥ በምን ያውቃል? ሐኪሙ "ጀርባው ላይ የሚቆረቁር ነገር ስፉበት" አለን። መጀመሪያ ድንች አሰርንለት፤ ጠዋት ጀርባው ላይ ፍትፍት አገኘን። ከዚያ እኔ ሩር አመጣሁ፤ በገና ጨዋታ በዱላ የምንመታትን የእንጨት ኳስ። የሌሊት ልብሱን ይዘን ሸምሱ ጋ ሄድን። ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው።

"ኪስ እፈልጋለሁ" አለ ጋሼ። "ከኋላ። መሐል ጀርባዬ ላይ።"

"እጅህን እንዴት ታስገባለህ?"

"እጄን አላስገባም። ይቺን ነው የማስገባው።"

ሸምሱ ሩሯን አገላብጦ አያትና መቀሱን አስቀመጠ። "ደምሴ ወንድሜ፣ ወላሂ፣ ገና እኮ አልፏል።"

ሰፋለት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋሼ በጀርባው በተገለበጠ ቁጥር "ወገቤን!" ብሎ ተነስቶ ይቀመጣል። አንድ ማለዳ ደግሞ ሰው ሞቶ ሲጣደፍ ልብሱን ሳይቀይር ጋቢ ደርቦ ወጣ። ያን ዕለት ሟቹን ያለቀሰ አልነበረም። "ጥሩምባ ነፊው ጎበጠ!" ተብሎ ለእርሱ ነው የተለቀሰው።

ግን ሠራ። እንዴት እንደሠራ ቀስ ብለን ነው ያወቅነው። የአዴ ፋጡማ ዘነዘና ወደ ሙቀጫው ተመለሰ። ጋሼ ደብዳቤ ይዞ ሮቤ ተልኮ ሮቤ ደረሰ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ተራራውን ሲያይ አገኘሁት።

"ና፣ ና እይ። ከሰዓት በኋላ ቀለሙን ይለውጣል። ታውቅ ነበር?"

"አ... አዎ ጋሼ።"

"እኔ አላውቅም። ከሰዓት በኋላን እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም።" ቆይቶ ደግሞ፣ "ስንት ከሰዓት በኋላ አምልጦኛል ማለት ነው?" አለ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በረንዳው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ምሽቱን ይጠብቃል።

ሱሪው የወለቀው እንግዲህ ለዚህ ነው። ወደዚያው ቀን ልመለስ።

ከቀብር መልስ ሱሪውን በገመድ አስሮ ሸምሱ ጋ ሄድን። ሸምሱ ወገቡን ለካና፣ "ከዚህ ከሚወጣው ጨርቅ ለወንድምህ ሌላ ሱሪ ይወጣል" አለው። "እንግዲያው አውጣለት" አለ ጋሼ። ሱሪው ለነገ ሊደርስ ተቀጠረ። የሸምሱን አሮጌ ሱሪ ተውሶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ብርድ እየመታው፣ ቀስ እያልን ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ፣ "ዘነበች አላገባችም አሉ" አለኝ።

"አ... አላገባችም።"

"ሽማግሌ ብልክ አባትየው ጠመንጃውን ያወርድ ይሆን?"

"አሁን እኮ አታ... አታ..."

"ተንፍስ።"

"አታንኮራፋም።"

ሳቀ። ቤት ገብተን አተር ክክ በላን። አዴ ፋጡማ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል "አባ ጥሩምባ፣ ሱሪህ ወረደ አሉ" ብለው፣ እርሱም "አዴ፣ ቀዳዳውን የሚደፍን አጥተን ነው ወሬ የሚገባብዎ" ብሎ፣ ተሳሳቁ። ሩሯን ጀርባው ላይ አስተካከልኩለት። በጎኑ ተኛ። ትንፋሹ እንደ ሕፃን ነበር፤ ይገባል፣ ይወጣል። እኔም ያን እየሰማሁ ተኛሁ።

ሲነጋጋ ግድግዳው ሁለቴ ተመታ።

ጋሼ በጎኑ እንደተኛ ነበር። ራስጌው ከፍ እንዳለ፣ ሩሯ ከቦታዋ ሳትንቀሳቀስ። ፊቱ አልጠቆረም፤ አልታፈነም። ልቡ ብቻ፣ ያ የደከመው ልቡ፣ ሸክሙን አስቀምጦ ሄዷል። "ጋሼ፣ ተንፍስ" አልኩት። እንደ ሁልጊዜው አልተሰናከልኩም። መቋሚያውንም አነሳሁ፤ ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ግድግዳው ደግሞ ተመታ። ከዚያ አዴ ፋጡማ ሳይጠሩ በበሩ ገቡ፤ አዩት፤ "አባ ጥሩምባ" ብለው እግሩ ሥር ተቀመጡ።

አቶ ወርቅነህ መጡ። ሁለት ሦስት እድርተኛም ተሰበሰበ። ሁሉም ቆመው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥሩምባ ያያሉ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ይታወቃል፤ የሚሠራው ሰው ግን አልጋው ላይ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ አውርደው ሞከሩ። እንደ ፍየል ግልገል ጮኸ። ሌላው ተቀበሏቸው፤ ጉንጫቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው ቀላ፣ ጥሩምባው ግን ምንም አላለም። አቶ ወርቅነህ ራሳቸው ሞከሩ፤ ጥርሳቸውን ያዝ አድርገው "ፉ" ከሚል ትንፋሽ በቀር ምንም አልወጣም። አዴ ፋጡማ እንባቸውን ሳይጠርጉ፣ "ይህን ቢያይ ኖሮ" አሉ። ሁላችንም ወደ አልጋው አየን። እውነቴን ነው፣ የሚስቅ ይመስል ነበር።

እኔ ተነስቼ ጥሩምባውን ከአቶ ወርቅነህ እጅ ተቀበልኩ።

"ልጄ፣ ኀዘንተኛ ከቤት አይወጣም" አሉ። "ደንቡም..." አሉና አንቀጹን ሳይጠቅሱ ተዉት። ከበሩ ዘወር አሉልኝ።

ውጭ ጉሙ ገና አልተነሳም። ሸምሱ የተሰፋውን ሱሪ አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ሲመጣ አየኝ፤ ጥሩምባውን አየ፤ ሱሪውን ደረቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ተደገፈ።

ጋሼ ሁልጊዜ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ ቆምኩ። ነፋሁ። ምንም። እንደገና ነፋሁ። አንድ ነገር ወጣ፤ አጓራ፣ ተሰናከለ፣ ቆመ። ዝም አለ። እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሰፈሩም አወቀው። በዚያ ዝምታ መሐል አንድ በር ተከፈተ፣ ሌላም በር ተከፈተ፤ ሰዎች ጋቢያቸውን እየደረቡ ወጥተው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቁ ጀመር።

መጀመሪያ ተነፈስኩ።

ከዚያ ነፋሁ። ረጅም ነበር። ሮቤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። "እድርተኛ!" አልኩ። "ታላቅ ወንድሜ ደምሴ አርፏል! ቀብር በስድስት ሰዓት!"

አልተሰናከልኩም። ጥሩምባውን በብብቴ ይዤ ወደሚቀጥለው ማዕዘን ሄድኩ።